ማርሚታው ይቆይ

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጎንደር ከማራኪ ሰፈር ነው። ጠያቂው ወጣት ነው፤ ስሙን ትቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ በፈረንጅ 2008 የተሠራ ያማሃ ዋይዜድ 250 ኤፍ የሞቶክሮስ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ገዝቼ መጥቻለሁ። እሁድ እሁድ በጓደኛዬ ፒክአፕ ጭነነው ከአዘዞ ወዲያ ካለ አንድ የተተወ የገረጋንቲ ማውጫ እንነዳለን። ክብደቴ 68 ኪሎ ነው። አሁን 60 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ጓደኞቼ ‹ሞተሩ ጉልበት አንሶታል፣ ማርሚታውን ቀይር፣ የኋላ ሾኩንም አሠራ› ይሉኛል። ለራሴ ያለኝ የመንገድ ሄልሜትና ከስክስ ጫማ ነው። እናቴ ደግሞ ሽጠው ትላለች። በየቱ ልጀምር?»

አስቀድመህ ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንተም ሳትሸጠው፣ እሳቸውም እሁድ እሁድ በር በሩን ሳያዩ የምትቀጥሉበትን መንገድ ልፈልግላችሁ።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ከ60 ሺው 45 ሺውን ሰውነትህ ላይ አውለው። 10 ሺውን ሞተሩ ላይ ላለቁ ነገሮች። 5 ሺው ኪስህ ይቆይ። ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ የሚባል ነገር ዘንድሮ አታንሳብኝ። ይህን ስልህ በራሴ እንጀራ ላይ እየተናገርሁ ነው። ጋራዥ ነው የምሠራው። ማርሚታ ስገጥም ገንዘብ አገኛለሁ፤ አንተ ቡት ስትገዛ ግን አምስት ሳንቲም አይደርሰኝም።

መጀመሪያ «ጉልበት አንሶታል» የሚለውን እንየው። ብርህን ሊበላ ያሰፈሰፈው እሱ ነውና። ጓደኞችህ አልተሳሳቱም፣ አንሶታል። የማንም ሞተር ጎንደር ላይ ያንሰዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ኢንጂን ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ምጽዋ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ኢንጂን እዚህ 32 ቢያወጣ አይግረምህ። ደባርቅ ብትወጣ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ይህን የጎደለ ጉልበት ማርሚታ አይመልሰውም። ጥሩ ማርሚታ፣ በደንብ በተስተካከለ ኢንጂን ላይ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት የፈረስ ጉልበት ነው የሚጨምረው። ድምፁ ግን አሥር የጨመረ ያስመስላል። ጆሮ ሲታለል ኪስ ይከፍላል።

ይልቅ ኢንጂኑ ውስጥ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፍታና እያት። የአንተ ሞተር ያለው ካርቡራተር ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ። ያማሃ በዚህ ሞዴል ላይ ነዳጅ በኮምፒውተር እየለካ የሚረጨውን ሥርዓት ያስገባው ከፈረንጅ 2014 ሞዴል ጀምሮ ነው። ካርቡራተር ደግሞ ዳገት መውጣቱን አያውቅም። ለቆላ በተስተካከለበት መጠን እዚህም ቤንዚኑን ማፍሰስ ነው። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ ኢንጂኑ ይታነቃል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነገሩ ይኸው ነው። የማኪያቶ መልክ ካለው ጤነኛ ነው። አዲስ አበባም ከፍታዋ ከእኛ ስለማያንስ የቀድሞው ባለቤት አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። ካላስተካከለው መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ነዳጁን የምትለካ ጄት የምትባል ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ አለች፤ እሷን አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። እዚያው ካርቡራተር ውስጥ ያለችውን የመርፌ መያዣ ቀለበት ደግሞ አንድ እርከን ወደ ላይ ማንሣት። ከማርሚታ ዋጋ ጋር ስታስተያየው የሻይ ብር ነው። አደራ፣ ሞተሩን ጭነህ ወደ መተማ ቆላ ከወረድህ ጄቱን መልሰህ ቀይር። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ቤንዚኑ ያንስበትና ይግላል፣ ከዚያ ፒስቶኑን ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው የጉልበት ሌባ ወደ ኢንጂኑ የሚገባውን አየር የሚያጣራው ፊልትሮ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የገረጋንቲ አቧራ ምን እንደሚመስል አንተው ታውቀዋለህ። እዚያ ማውጫ ውስጥ አንድ እሁድ የዋለ የስፖንጅ ፊልትሮ ሳይታጠብ ለሚቀጥለው እሁድ መዋል የለበትም። በላምባ እጠበው፣ ከዚያ በሳሙናና በውኃ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ በፊልትሮ ዘይት አርሰው። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ አንተ እንዳታደርገው። የስፖንጁን ሙጫ ያላቅቀዋል፣ እሳቱም ሌላ ጣጣ ነው። የታፈነ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል፣ የተቀደደ ግን ኢንጂን ይገድላል። የዚህ ሞተር ቫልቮች ቲታኒየም ናቸው፤ ቀላልና ፈጣን ናቸው፣ አቧራን ግን አይችሉም። የኢንጂን ዘይቱንም በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ቁጠረው። አምስት ስድስት ሰዓት ከነዳኸው ቀይረው።

ንዝረቱን ስለሚያበርደው ስለ ሾኩ ብዙ አልልም። 68 ኪሎ ነኝ ብለሃል። የዚህ ዓይነት ሞተር ፋብሪካ ሞላ የሚመረጠው ለአንተ ዓይነት ሰው ነው። 90 ኪሎ ብትሆን ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ማድረግ ያለብህ መለካት ብቻ ነው፣ እሱም ነጻ ነው። ሞተሩን በርጩማ ላይ አቁምና የኋላ ጎማው አየር ላይ ይንጠልጠል። ከጎማው አክስል እስከ ጭቃ መከላከያው ድረስ ለካ። ከዚያ ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ውጣበት፣ አንዱ ጓደኛህ ይደግፍህ፣ ሌላው ያንኑ ይለካ። ልዩነቱ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጨርሰሃል። ከዚያ በጣም ከራቀ ከሞላው በላይ ያለውን ቀለበት ማጥበቅ ወይም ማላላት ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን አምጣው፣ ጎሚኒው ይቀየራል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

እኔን የጣለኝ ዝላይ አልነበረም። ፍጥነትም አልነበረም። ነድቼ ጨርሼ ሞተሩን ወደ መኪናው እየመለስሁ ነበር፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመኛል። የፊት ጎማው አንዲት ልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ። እግሬን ዘርግቼ መሬት ላይ ተከልሁት። ሞተሩ ከነክብደቱ እዚያው እግር ላይ ተኛ። ያጠለቅሁት ከስክስ ነበር፣ ልክ እንዳንተ። ከስክስ ለእግር ጉዞ የተሠራ ጫማ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ወደፈለገው ጎን ይታጠፋል። መቶ ኪሎ የሚሆን ብረት ሲጫነው ጫማው ታጠፈ፣ አጥንቱም ተከተለው። ሁለት ቦታ ተሰበረ። አራት ወር ጋራዥ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ልጆቹን «12 ቁልፍ አቀብለው» ስል ከረምሁ።

ሳላነሣው የማላልፈው የወጌሻ ነገር አለ። እዚህ አገር እግሩ የተሰበረን ሰው ግማሹ ጎረቤት «ወጌሻ ዘንድ ውሰዱት» ይላል። ለወለምታ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ራጅ ተነሣ። የተሰበረ እግር በቀርቀሃ ከርክሮ ሲታሰር ደም ይቆማል። ደም ያጣ እግር ደግሞ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

የሞቶክሮስ ቡት ሌላ ፍጥረት ነው። እስከ ጉልበት ሥር ይደርሳል። አገዳህን ከፊት በጠንካራ ፕላስቲክ ይሸፍነዋል። ቁርጭምጭሚት ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይታጠፋል እንጂ ወደ ጎን በቀላሉ አይጠመዘዝም። አዲስ ሲሆን እንደ እንጨት ግንድ ነው፤ የማርሽ ፔዳሉ አይሰማህም፣ ትማረራለህ። ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ አድርገው፣ ደረጃ ውጣ ውረድበት። የማርሽ ፔዳሉንም ትንሽ ከፍ አድርገህ እሰረው፣ ቡቱ ከጫማህ ይወፍራልና። ቡት ያገለገለ ብታገኝ ግዛ፣ አታፍር። ሶሉ ያልተላቀቀ፣ ዘለበቶቹ የሚይዙ፣ ቁርጭምጭሚቱ ያልላላ ይሁን እንጂ የሰው እግር የገባበት መሆኑ አይጎዳህም።

ሄልሜት ግን ያገለገለ አይገዛም። ሄልሜት የሚሠራው ከውስጥ ያለው ፎም ሲጨፈለቅ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፣ ከውጭም አይታይም። ሻጩ «አንዴም አልወደቀ» ቢልህ በምን ታምነዋለህ? አንተ ያለህ የመንገድ ሄልሜት አገጭ የሚሸፍን ከሆነ፣ ወድቆ የማያውቅ ከሆነ፣ አምስት ዓመት ካልሞላው፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ለጊዜው ተቀባይነት አለው። በሙቀቱና በላቡ ትቃጠላለህ፣ መስታወቱም ይደበዝዛል፣ ግን ጭንቅላትህን ይይዛል። ያኔ መጀመሪያ ቡቱን ግዛ፣ ሄልሜቱ ሁለተኛ ይሁን። አገጭ የሌለው ግማሽ ሄልሜት ከሆነ ግን ተራው ይገለበጣል። አዲሱ ሄልሜት እስኪመጣ እዚያ ማውጫ ውስጥ ድርሽ እንዳትል። በሞተረኞች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ በፈረንጅ 2008 የወጣ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ማርሚታን በተመለከተ እንዲህ ያለ ቁጥር ያሳየኝ ሰው የለም።

እውነተኛውን በምን ትለየዋለህ? ጀርባው ላይ «ዲኦቲ» የሚል ስቲከር አይተህ አትመን። ስቲከር ማንም ያትማል። የአሜሪካው ዲኦቲ ራሱ አምራቹ «መስፈርቱን አሟልቻለሁ» ብሎ የሚለጥፈው ነው። የአውሮፓው ምልክት ይሻላል። ማሰሪያው ላይ የተሰፋች ጨርቅ ፈልግ። ክብ ውስጥ «ኢ» ከነቁጥር፣ አጠገቡ በ05 ወይም በ06 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይኖራል። 06 አዲሱ ነው፤ ጭንቅላት ተጠማዝዞ ሲመታም ይፈትናል። ምልክቱ ባይኖር እንኳ እጅህ ይነግርሃል። ከውስጥ ያለው ፎም ሁለት ሴንቲ ተኩል ገደማ መወፈር አለበት። ሄልሜቱም ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። እንደ ፕላስቲክ ሳህን ቀለል ካለህ ሳህን ነው።

ልኩን ደግሞ በሜትር ለካ፣ ከቅንድብህ በላይ ዙሪያውን። 57 ወይም 58 ሴንቲ ከሆንህ አብዛኛው ድርጅት ሚዲየም ይልሃል። ስታጠልቀው ጉንጭህ መጨፍለቅ አለበት፤ የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው መምሰል አለብህ። ማሰሪያውን አጥብቅና አንድ ሰው ከኋላ ይዞ ወደፊት ይገልብጠው። ከራስህ ከወለቀ ያንተ አይደለም። ዱባይ ወይም መርካቶ ያለ ዘመድ ሲገዛልህ ቁጥሩን ላክለት እንጂ «ለወጣት የሚሆን» ብለህ አትዘዝ። እንደዚያ ታዝዞ የመጣ ሄልሜት እኔ ጋ የቅባት ጨርቅ ማስቀመጫ ሆኗል።

ቡትና ሄልሜት ከ45 ሺው አብዛኛውን ይወስዱታል። በተረፈው የሚከተለው መነጽር ነው። የፀሐይ መነጽር አይሆንም፤ ከፊትህ ያለው ጓደኛህ የኋላ ጎማ የሚወረውረው ጠጠር ሰባብሮ ዓይንህ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ የጉልበት መከላከያ። ከጉልበት በላይና በታች የሚታሰር፣ ስትወድቅ የማይንሸራተት ይሁን። ጓንት ርካሽ ነው፣ ግዛ። ልባሽ ጂንስና ረጅም እጅጌ ያለው ሹራብ ለአሁኑ ይበቃል፤ ባለ ቀለም የሞቶክሮስ ልብስ ለፎቶ ነው።

የደረት መከላከያ ስትገዛ አንድ ተንኮል አለ። ሁሉም ፕላስቲክ ነው፣ ሁሉም ያስፈራል፣ ሁሉም ግን አንድ አይደለም። ኢኤን የአውሮፓ መስፈርት ምልክት ነው፤ ኢኤን 14021 የሚል ካለበት ከጠጠር ፍንጣሪ የሚከላከል ነው፣ ለመውደቅ አልተሠራም። ደረት ለሚያርፍበት ምት ኢኤን 1621-3፣ ለጀርባ ኢኤን 1621-2 የሚለውን ፈልግ። ጀርባው ላይ ደረጃ 2 የሚያሳልፈው ኃይል በአማካይ የደረጃ 1 ግማሽ ነው። የአንገት መከላከያ የሚባለውን ከጠየቅኸኝ፣ ለአንተ አሁን አይደለም። ውድ ነው፣ ጥቅሙም ባለሙያዎችን ገና ያከራክራል።

ጓደኞችህ «በዕቃ ታጭቀህ እንዴት ትነዳለህ» ይሉህ ይሆናል። አንድ እሁድ ሞክረህ ፍረድ። ዓይኑ የተሸፈነለት ሰው ሩቅ ያያል። ቁርጭምጭሚቱን የማይሰስት ሰው ፔዳሉ ላይ ቆሞ ይነዳል፣ ታንከሩንም በጉልበቱ ይጨብጣል። የጉግስ ፈረሰኞችን አይተህ የለ? ፈረሱን የሚይዙት በእጃቸው መስሎህ እንደሆነ ጭናቸውን እይ። የእኛ ሰው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል፤ ማውጫው ውስጥ የሚዋጋው ከኮርቻው በላይ ያለው ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሞተሩ 10 ሺህ አለ። ፍሬን የሌለውን ሞተር ቡት አያቆመውም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ተራውን አላከብርም። የፍሬን ሸራውን እይ፤ ሳስቶ ብረት ሊነካ ከደረሰ ዛሬ ይቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል፤ ጠቁሮ ካገኘኸው አፍስሰህ አዲስ ሙላ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘህ ልቀቀው፣ ጠብ ብሎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ገመዱ አልቋል። ሞተር ማጥፊያዋን ቁልፍ ሞክራት፣ ብዙ ያገለገለ ሞተር ላይ አትሠራም። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በብረት መታ መታ አድርግ፤ ጥሩው ይጮኻል፣ የላላው «ዱብ» ይላል። ካቴናው ጥርሱ ሹል በሆነ ጊርስ ላይ እየዞረ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፣ አንዱን ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው።

ጎማው ላይ ትንሽ ልቆይ። የኋላው ጥርስ ጥጉ ከተላጨና ከተጠጋጋ ከማርሚታ ቀድሞ እሱ ይገዛል። ንፋሱን በአውራ ጣትህ አትለካ። ለገረጋንቲና ለድንጋይ 14 ወይም 15 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር) ጥሩ ነው። ከዚያ ከወረደ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል፣ ከዚያ በጣም ከወጣ እንደ ኳስ ትነጥራለህ። ለስላሳ መሬት ላይ 12 ወይም 13 ይበቃል። በክረምት ወደ ደንቢያ ዋልካ እንዳትወርድ። ጥቁሩ ጭቃ ጎማውን ያለብሰዋል፣ ጭቃ መከላከያው ሥር ይጠቀጠቃል፣ ሞተሩ ቆሞ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ስንቱን በትራክተር አስጎትተናል።

ኪስህ የሚቆየው 5 ሺህ ለክፉ ቀን ነው። ለፒክአፑ ቤንዚን፣ ለራጅ፣ ለመድኃኒት። ብቻህን አትንዳ። መኪናው እናንተን ጥሎ ከተማ አይመለስ። አንዱ ወድቆ ራሱን ከሳተ እየጎተታችሁ አታንሡት። ሄልሜቱንም አትንቀሉ፣ አየር እምቢ ካላለው በስተቀር። አንገቱን አንድ ሰው በሁለት እጁ ይያዝና እርዳታ ይጠራ።

ማርሚታውን ለዘላለም ተው አላልሁህም። ዓመት ሙሉ ነድተህ፣ የሦስተኛ ማርሽ ጉልበት በእርግጥ እያጠረህ፣ ኢንጂኑም ቫልቩም ተለክቶ ጤነኛ ከሆነ፣ ያኔ ና፣ እገጥምልሃለሁ። ብሩንም እቀበልሃለሁ።

ለአሁኑ ካንዴላውን ፍታና በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። የእግርህንም ቁጥር ጻፍልኝ። 43 ከሆንህ፣ ለልጄ ገዝቼለት ሁለት እሁድ ካደረገው በኋላ «ኳስ ይሻለኛል» ብሎ የተወው ቡት ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።